ዊልፎርድ ሚስቱን አፋፉ ላይ ትቶ የሄደ ዕለት

ዊልፎርድ ቶሃኒ የታላቅ እህቴ የአርሊንዳ ባል ነው። በእኛ በናቫሆዎች ዘንድ ሰው በዋርሳው ላይ ቢቀልድ ማንም አይቆጣውም፤ እንዲያውም ካልቀለደ «ተኳርፋችኋል ወይ?» ይባላል። ስለዚህ እኔ ማርቫ፣ የትኬት መስኮቱ ሴትዮ፣ እህቴን ካገባ ጀምሮ ስቀልድበት ኖሬአለሁ። ያን በጋ ግን መቀለድ አስቸገረኝ።

ዊልፎርድ እንደ ወጋችን ወደ ሚስቱ እናት መሬት ሲመጣ ይዞ የመጣው አንድ ኮርቻና አንድ የመፍቻ ሳጥን ነበር። ኮርቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ መፍቻው ግን ስም አወጣለት። ከለቺ መንደር ወዲያ በነበረው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ከሃያ ዓመት በላይ ተርባይን ሲጠግን ኖረ። የራስ ቁሩን አድርጎ ሲመለስ ሰው መንገድ ላይ ያስቆመዋል፤ አንዱ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶበት፣ አንዱ ማሞቂያው አልነሳ ብሎት። «ለነገ» አይልም ነበር። ከመኪናው ሳይወርድ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል።

ከዚያ ማመንጫው ተዘጋ። ጓደኞቹ ወደ ፊኒክስ ሄዱ፤ እሱ እምቢ አለ። «አሸዋ የማይነፍስበት ቦታ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ። ሦስቱ ጭስ ማውጫዎች በፈንጂ የወደቁ ዕለት አገሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ አለቀሰ፣ ግማሹ ስልኩን ደገነ። ዊልፎርድ ከመንገድ ዳር የገዛውን ቡሪቶ፣ ሥጋ የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ እንደያዘ ቆሞ፣ አቧራው እስኪረጋ ጠበቀና፣ ሳይቀምሰው ለውሻ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ወራት ሙሉ ቤት ዋለ። የማይንጠባጠብ ቧንቧ ሳይቀር እየፈታ ይገጥም ጀመር።

አርሊንዳ ደግሞ ያኔ ቀድሞውንም አስጎብኚ ነበረች። የምታስጎበኘው የድንጋይ ስንጥቅ ያለው በእናታችን የግጦሽ መሬት ላይ ነው። ዝናብ የፈለፈለው ጠባብ ቀይ ሸለቆ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ ሁለቱን ግድግዳ መንካት ይቻላል፤ በበጋ ቀትር ላይ ብርሃን ከላይ እንደ ምሰሶ ይወርድበታል። ከየአገሩ ሰው እሱን ለማየት ይመጣል። እናታችን በጎቿ ሲያንሱ «እንግዲህ ሰው ጠብቂ» ብላ ሥራውን ለአርሊንዳ ሰጠቻት።

አንድ ቀን እራት ላይ አርሊንዳ፣ «ሹፌራችን ሄዷል። መኪናውን ትነዳለህ?» አለችው።

«በማን ሥር?»

«የምትነዳው በእማዬ መሬት ላይ ነው። በማን ሥር እንደሆንክ አንተው እወቀው።»

ነዳ። ከኋላ አግዳሚ የተገጠመለትን መኪና፣ ጎማውን አስተንፍሶ፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ሳያቆም እንደ ጀልባ ያንሳፍፈዋል። ጎብኚዎቹን ስንጥቁ አፍ ላይ ያወርድና መሪው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰሞን ደህና ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ መስኮቴ መጣ። ፊቱ የተደናገጠ ሰው ፊት ነው።

«ማርቫ፣ እዚያ ውስጥ የምትስቀው እሷ ናት?»

«ማን ትሆን ታዲያ? ድንጋዩ ነው የሚስቀው?»

«ምን ብለዋት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሂድና ጠይቃት እንጂ፣ የእህቴ ባል።»

አልጠየቀም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አርሊንዳ ቤት ውስጥ አትስቅም። ትገባለች፣ ጫማዋን አውልቃ አሸዋውን ትደፋለች፣ የበግ ወጡን ትጥዳለች፣ ራዲዮኑ ያወራል፣ ሁለቱ ይበላሉ። አይጣሉም። ጎረቤቱ «እንዴት የተስማሙ ናቸው» ይል ነበር። ዊልፎርድ ሚስቱ ዝምተኛ መሆኗን እንደ ዓይኗ ቀለም ያህል የማይለወጥ ነገር አድርጎ ተቀብሎታል። እንግዲህ ያ ሳቅ ከድንጋዩ ግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተወረወረ ሲመጣበት፣ የራሱን ንብረት በሌላ ሰው ቤት እንዳገኘ ሰው ሆነ።

በዚያው ወር ሊያንደር መጣ። የካየንታ ሰው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ ጠቅልሎ በነጭ የሱፍ ክር የሚያስር፣ ድምፀ መልካም። ጎብኚ ሲበዛ ሁለተኛ አስጎብኚ ያስፈልጋል፤ አርሊንዳ ቀጠረችው። ወደ ስንጥቁ በሚያስገባው መሰላል ስትወርድ እጁን ይዘረጋላታል። እህቴ ያንን መሰላል እንደ ፍየል ነው የምትወርደው፤ ግን እጁን ትይዛለች። ዊልፎርድ ያችን እጅ አየ። እስከዚያ ቀን ቅናቱ የሚቀመጥበት አጥቶ ሲንከራተት ነበር፤ አሁን ወንበር አገኘ።

ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ። በወጣትነቱ በሮዴዮ፣ ባልተገራ ፈረስ ግልቢያ ውድድር፣ ያሸነፈውን የቀበቶ ዘለበት ከሳጥን አውጥቶ ታጠቀ፤ ሆዱ ግን የወጣትነቱ ስላልነበረ ሲቀመጥ ይወጋዋል። የመኪናውን መስታወት አዞረና መንገዱን ትቶ አግዳሚዎቹን እንዲያሳየው አደረገ።

«ያ ሰው ፀጉሩን የሚያስረው ለማን ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ለራሱ ነዋ። አንተም ቢኖርህ ታስር ነበር።»

ባርኔጣውን ወደ ታች ሳበና ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዷን ይመልስልኝ ነበር። ውስጥ ውስጡን መብሰክሰክ ጀምሯል፤ ለአርሊንዳ «ሊያንደር አሸዋ ላይ መንዳት አይችልም» ይላታል፤ ሊያንደር እንዲነዳ ማንም ጠይቆት አያውቅም። «ብዙ ይዘፍናል» ይላል። «ጎብኚ ወዶታል» ትለዋለች። «ጎብኚ ነው የወደደው?» ብሎ ይነሳና ወጥቶ በረንዳው ላይ ይቆማል። እህቴ ነገሩ ገብቷት እንደሁ አላውቅም። ገብቷት ከሆነም ጥቂት ሳይጣፍጣት አልቀረም፤ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ የሚቀናባት ባል አግኝታለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን የዊልፎርድን ከራሱ አፍ፣ የእናቴን ከእናቴ፣ የቀረውን ከአርሊንዳ ነው የሰማሁት።

ነሐሴ ላይ ነው። የሆላንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መጡ፤ ስንጥቁን አይተው ሲጨርሱ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዙን ከላይ ለማየት ፈለጉ። ኮሎራዶ ወንዝ አንድ ትልቅ ቀይ ዓለት ዞሮ የሚታጠፍበት አፋፍ በእናታችን መሬት ጫፍ ላይ አለ፤ ከዋናው መንገድ ሩቅ ነው፤ ከላይ ሆነህ ስታይ ከታች ያሉት የጎማ ጀልባዎች የባቄላ ፍሬ ያህላሉ። ዊልፎርድ ነዳ፣ አርሊንዳና ሊያንደር ከእንግዶቹ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ ሲሳሳቁ በመስታወቱ አያቸው።

አፋፉ ላይ ዊልፎርድ የውሃውን ሳጥን ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ መጣ። እንግዶቹ አርሊንዳንና ሊያንደርን ከወንዙ ፊት አቁመው ፎቶ ማንሳት ያዙ። ጉልበቷን የሚያማት አንዲት አሮጊት ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ «እንዴት ታምራላችሁ! ከተጋባችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» አለች።

ሊያንደር፣ «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ!» አለ።

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አርሊንዳ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፣ ሊያንደርን ክንዱ ላይ መታችው። ዊልፎርድ ከኋላቸው ቆሟል። ሚስቱ ዞር ብላ «ባሌማ ያውላችሁ» ትላለች ብሎ ጠበቀ። አልዞረችም። የአሮጊቷ ስልክ እንደገና ተደገነ።

«ሳቁ ድንገት አልተሰማኝም» ብሎኛል። «የማመንጫው ማሽን የጠፋ ዕለት ጆሮዬ እንዲህ ነበር የሆነው።»

ሳጥኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ወደ መኪናው ሄደ። አስነሳ። እንግዶቹ መኪናውን ሊያዞር ነው ብለው እጅ ሳይቀር አወዛወዙለት። ዞረ፣ ሄደም። ሚስቱን፣ ሊያንደርንና ያን ሁሉ ሽማግሌ ገደል አፍ ላይ ትቶ ሄደ።

ከፊሉን መንገድ እንደተጓዘ፣ በሁለት የአሸዋ ክምር መካከል መንገዱ ጠባብ በሚሆንበት ቦታ፣ ጠጠር የተሞላ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማ። ያ የአማቱ የእናታችን ቆርቆሮ ነው። በጎቿን የምትነዳውም፣ አማቿን የምታስጠነቅቀውም በሱ ነው። አማትና አማች ዓይን ለዓይን መተያየት በእኛ ዘንድ ክልክል ነው፤ ዛሬ ብዙው ሰው ትቶታል፤ እናታችን ግን አልተወችም። ዊልፎርድ ይህን ሁሉ ዘመን በመሬቷ ላይ ሲኖር ፊቷን አይቶ አያውቅም። ቆርቆሮው ሲሰማ እሱ በአንድ በኩል ይሰወራል፣ እሷ በሌላው ታልፋለች።

አሁን ግን የሚሰወርበት የለም። በጎቹ መንገዱን ሞልተውታል። መኪናውን አቆመ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ፣ ግንባሩን መሪው ላይ አደረገ። እናቴም ሻርፗን ተከናንባ ጀርባዋን ሰጠችው። አጠገቧ ውሻዋ አለች። ውሻዪቱን «ድመት» ብላ ነው የምትጠራት፤ ለምን ብትሉኝ አላውቅም፤ እናቴ ናት።

«ድመት» አለች እናቴ ጮክ ብላ፤ «ይህ መኪና ሲሄድ ሰው ጭኖ ነበር። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። አሁን ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው። ሰዎቹን ወንዝ ውስጥ ደፋቸው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ዊልፎርድ ከባርኔጣው ሥር፣ «ድመት፣ አልደፋኋቸውም በያት። አፋፉ ላይ ናቸው።»

«ልጄስ?»

«እዚያው ናት።»

«ማን ይመልሳቸዋል?»

በጎቹ ጎማውን እያሸተቱ አለፉ።

«ድመት፣ ሰውየው ታሟል መሰለኝ።»

«አልታመምኩም በያት።»

«ታሟል። ድምፁ ያስታውቃል። የልጆቼም አባት አንድ ጊዜ እንዲህ ታሞ ነበር። ከፈረስ ነጋዴው ጋር ለምን ሳቅሽ ብሎ፣ ማለቴ ለምን ሳቅሽ ሳይለኝ፣ ተነስቶ የበጎቹ በረት ውስጥ ተኛ። ስንት ቀን እንደቆየ እንጃ፤ ሲወጣ ግን እንደ አውራ በግ ይሸት ነበር። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ነጋዴው የፈረሱን ዕድሜ ሲዋሽ ፈረሱ አፉን ከፍቶ ዕድሜውን የሚያስታውቀውን ጥርሱን አሳየን። በዚህ ነው የሳቅሁት። አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም፤ ተረቱ ለብቻዬ ቀረ።»

ዊልፎርድ ከባርኔጣው ሥር አንድ ድምፅ አወጣ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሱም አላወቀም።

«በጎቹን ወዲህ በያቸው፣ ድመት» አለች እናቴ። «ሰውየው መኪናውን ማዞር ይፈልጋል።»

እሱ ምንም አላላትም ነበር። ግን አዞረ። ሲያዞር የኋላ ጎማው አሸዋው ውስጥ ሰጠመ፤ ወርዶ በአካፋ ሲቆፍር፣ እናቴ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ «ድመት፣ ግራውን! ግራውን ቆፍር በዪው! የቀኙማ ደህና ነው፣ ድምፁ አይሰማውም?» እያለች ታዘው ነበር። ሞተር በጆሮ የሚያውቅ እሱ ብቻ መስሎት ኖሯል።

ሲደርስ ሰዎቹ መንገድ ጀምረዋል። አርሊንዳ ከፊት፣ ሊያንደር አሮጊቷን በክንዱ ደግፎ ከኋላ፣ ሽማግሌዎቹ በመካከል የውሃ ጠርሙስ ይዘው። አርሊንዳ መኪናው ሲቆም ወደ እንግዶቹ ዞራ፣ «ሹፌራችን ጎማ ሊያስተነፍስ ሄዶ ነበር፤ አሸዋው ከባድ ነው» አለች። እንግዶቹ አመሰገኑት። አሮጊቷ ቸኮሌት ሰጠችው። ቸኮሌቱን ይዞ እንደ ተቀጣ ልጅ ቆመ። አርሊንዳ ሁልጊዜ ከእንግዶች ጋር ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ያን ዕለት ግን ከፊት፣ ከሱ አጠገብ ተቀመጠች።

እኔ መስኮቱን ልዘጋ ስል ነው የደረሱት። እንግዶቹ ወደ አውቶቡሳቸው ከሄዱ በኋላ ሊያንደር ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ዊልፎርድ መጣ።

«ወንድሜ» አለው፤ «ቀልድ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ‘ከተጋባችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ’ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደስ አለኝና አፌ ቀደመኝ።»

ዊልፎርድ «እሺ» አለ ብቻ። ሊያንደር ባርኔጣውን መልሶ ደፍቶ ወደ ራሱ መኪና ሄደ።

አርሊንዳ ያኔ ነው የፈነዳችው።

«ስማ ሰውዬ! ያች አሮጊት ብትወድቅስ? ቢመሽባቸውስ?»

«ውሃ ትቼላችኋለሁ።»

«ውሃ ትቼላችኋለሁ! ማርቫ፣ ትሰሚዋለሽ? ውሃ ትቶልን ነው የሄደው፣ የተባረከ!»

«ለምንድነው እዚያ የምትስቂው?» አለ ዊልፎርድ። ድምፁ ትንሽ ነበር። «ለምን ቤት አትስቂም?»

አርሊንዳ ወደሱ ቀረበች። «እዚያ ይጠይቁኛል» አለች። «ልጅ ሳለሽ እዚህ ትጫወቺ ነበር ወይ ይሉኛል። ድንጋዩ ሲዘንብ ምን ይሸታል ይሉኛል። አንተ ይህን ሁሉ ጊዜ ደጃፉ ላይ መኪና ስታቆም አንድ ቀን ገብተህ አይተኸው ታውቃለህ?»

«አውቀዋለሁ። ድንጋይ ነው።»

«እኔንም ታውቀኛለህ። ሚስት ነኝ።»

ጥላው ሄደች። እኔም መስኮቱን ዘጋሁ። ለመቀለድ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።

ሊያንደር በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። ካየንታ አካባቢ የፈረስ ጉዞ የሚያስኬዱ ዘመዶች አሉኝ አለ። አርሊንዳ በዚህ ክፉኛ ተቆጣች፤ ጥሩ ሠራተኛና ጥሩ ወዳጅ አጥታለች። ለዊልፎርድ ወጡን ታቀርብለታለች፤ ራዲዮኑን ግን አጠፋችው። የዱሮው ዝምታ ዝምታ ነበር፤ ይሄኛው ጥርስ አለው። እሱም ያቺን ዘለበት ሳጥን ውስጥ መለሳት።

መስከረም ሲገባ አንድ ጠዋት ሥራው ሳይጀምር ከወረፋው ጋር ተሰልፎ መስኮቴ ላይ ደረሰ።

«አንድ።»

«አንድ ምን?»

«አንድ ሰው። መግባት እፈልጋለሁ።»

«መኪናውን ማን ይነዳል?»

«የጎረቤቱን ልጅ ለምኜዋለሁ።»

«ልጁ አሸዋ ላይ መንዳት አይችልም» አልኩት እሱን መስዬ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ጥርሱን አየሁ። «ግባ ግባ። ለዋርሳ አይሸጥም።»

ከጎብኚዎቹ ኋላ ኋላ ገባ። አርሊንዳ አይታዋለች፤ ግን እንደማንኛውም ሰው «ጭንቅላታችሁን ጠብቁ» ብላ አለፈች። ግድግዳው እንደ ተጠቀለለ ጨርቅ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ቀዩ ወደ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው ወደ ጥቁር። ዊልፎርድ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ እያሻሸ ሄደ፤ የተሠራ ብረት እንደሚዳስስ። አርሊንዳ አሸዋ ዘግና ብርሃኑ ውስጥ በተነች፤ ሰዎቹ «ኦ!» አሉ። እናታችን ልጅ ሳለች ከአሸዋው ነፋስ ግልገል አቅፋ እዚህ ትጠለል እንደነበር ነገረቻቸው። አንድ ጎብኚ «በፊት ከዚህ ምን ይታይ ነበር?» ሲላት፣ «ከላይ ስትወጡ ሦስት ጭስ ማውጫዎች ይታዩ ነበር» አለች። «ባለቤቴ እዚያ ይሠራ ነበር። ሲወድቁ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ምን ተሰማህ ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።»

ዊልፎርድ ከኋላ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ጥያቄ አለኝ።»

«ይጠይቁ፣ ጌታዬ» አለች፤ ሳትስቅ።

«እዚህ ብቻሽን ስትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

አርሊንዳ ባርኔጣዋን አስተካከለች። «እዘፍናለሁ።»

«ምን?»

«የበግ ዘፈን። እማዬ ያስተማረችኝን።»

«ዝፈኝልን!» አሉ ጎብኚዎቹ።

«ለዛሬ ጊዜው አልቋል» አለችና መንገድ መራች። ለማንም አልዘፈነችም፤ ለሱም ጭምር። ማታ ቤት ግን ራዲዮኑ ተከፈተ፤ ወጡን እየጨለፈች፣ ጭስ ማውጫዎቹ የወደቁ ዕለት ቡሪቶውን ለምን ለውሻ እንደሰጠው ጠየቀችው። መልሱን አልነገረችኝም። «ረጅም ነው» ብቻ ነው ያለችኝ።

ዳነ ወይ ብትሉኝ፣ አልዳነም። ሊያንደር በመከር ወቅት የእናታችንን በግ ሊያርድ መጥቶ ነበር፤ ዊልፎርድ ቢላውን ራሱ ሳለለት፣ ሥጋውን ከፋፍለው አብረው ጠበሱ፤ ግን አርሊንዳ ለሊያንደር ቡና ስትሰጠው ዊልፎርድ ዓይኑን ከኩባያው ላይ አልነቀለም። አሁን ደግሞ ቅናቱ አዲስ ቦታ አግኝቷል፤ ጥሩ ጥያቄ በሚጠይቁ ሰዎች ላይ ይቀናል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጀርመናዊ ስንጥቁ አፍ ላይ አርሊንዳን፣ ጎርፍ ሲመጣ ድንጋዩን ያመዋል ብለሽ ታስቢያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አርሊንዳ ቆማ፣ ረጅም መልስ ሰጠችው። ዊልፎርድ ሰዎቹን መልሶ አወረደና መስኮቴ ላይ መጥቶ ተደገፈ።

«ያ ጥያቄ የኔ ነበር» አለኝ። «እሑድ ልጠይቃት አስቀምጬው ነበር።»

«ተቀደምክ፣ የእህቴ ባል» አልኩት። «ሌላ ፈልግ።»